ሥዕል እያዩ እንግሊዝኛ መስማት ይለመዳል ወይ? የጅማ ልጆች የተከራከሩበት ክር

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በምላሽ የሚቀጥለውን ውይይት፣ የከፈተው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ የሚማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ጥያቄ አስመስሎ ነው የጻፈው። ሐሳቡን ቆርጦ እንደመጣ ግን ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ያስታውቃል።

ችግሩ የብዙዎቻችን ነው። ልጁ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ይጽፋል፤ ፈተናውንም ያልፋል። ሰው ሲናገር ግን አይሰማም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል ይባላል እንጂ ማብራሪያው በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ነበር፤ እንግሊዝኛው ሰሌዳው ላይ ነው የቀረው። መጀመሪያ ፊልም ሞከረ። ተዋናዮቹ እየሮጡ፣ እየተኮሱ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እያወሩ ምንም ጠብ አላለለትም። ዜና ሞከረ። አንዱን አገር ሳይጨርስ ሌላው መጣበት። ፖድካስት ሲከፍት ደግሞ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በአጋጣሚ ስለ አንድ ታዋቂ ሥዕል የሚያወራ ቪዲዮ ገጠመውና ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው አየው።

ለምን እንደያዘለት ሲያስረዳ ጎበዝ ነው። ሥዕል ቆሞ ይጠብቃል ባይ ነው። ተናጋሪው ስለ ሻሿ ካወራ ሻሿ እዚያው አለ፤ የትም አይሄድም። አንድ ቃል ቢያመልጥህ ዓይንህ ሄዶ ያመጣልሃል። ምሳሌ ያደረገው የቬርሜርን ባለ ዕንቁ ጉትቻ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የተሣለች፣ ዛሬ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ያለችው። ሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ጥቂት ነው፦ ጥቁር መደብ፣ ሰማያዊና ቢጫ ሻሽ፣ ዕንቁ፣ ገርበብ ያለ ከንፈር። ስለዚህ ተናጋሪው ምን ሊያወራ እንደሚችል ቀድመህ ትገምታለህ። ሥዕሏ በ1881 በጨረታ በ2 ጊልደር ከ30 ሳንቲም መሸጧንም የሰማው ያለ ሰብታይትል መሆኑን ሳይጠየቅ ነግሮናል። ይኮራ፤ ገንዘብና ቁጥር በፈጣን እንግሊዝኛ መያዝ ቀላል አይደለም። መዝጊያው ላይ ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ጠየቀ።

ምላሽ 1 ምስጋና ብቻ ነው፤ ይመችህ ብሎ አልፏል። ምላሽ 2 ቻናሎቹን በስም ጠየቀ። ከፋቹ በምላሽ 3 ሁለት ጠቆመ። አንዱ የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ቻናል ነው፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች ሥዕሉ ፊት ቆመው ያስረዳሉ። ሌላው ስማርትሂስትሪ ነው። እዚያ ሁለት የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁራን ጽሑፍ ሳያነቡ፣ እንደ ጨዋታ እየተቀባበሉ ይወያያሉ። ከፋቹ ሁለተኛውን የሚመርጥበት ምክንያት ጥሩ ነው። አንዱ የተናገረውን ሌላው በሌላ ቃል ስለሚደግመው፣ መጀመሪያ ያመለጠህ ነገር ዞሮ ይመጣልሃል። እኔ የምጨምረው፣ ሁለት ሰው ሲያወራ መነሻና መድረሻው በድምፅ ለውጥ ይታወቃል። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነብ ጆሮ የሚያርፍበት የለውም።

ምላሽ 4 ላይ ክሩ ቁም ነገር ያዘ። የጻፉት ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። በትሕትና ጀምረው፣ ልጁን አመስግነው፣ ከዚያ ያመሰገኑትን ሐሳብ ከሥሩ ነቀነቁት። ሥዕሉ ያግዛል ያልከው ነገር ራሱ በሽታው ነው አሉት። ዓይን ቶሎ ይገምታል፤ ጆሮ ደግሞ ሥራው ተሠርቶለት ሲያገኘው ይተኛል። ቪዲዮው ሲያልቅ የሰማህ ይመስልሃል፤ ያየኸው ነው እንጂ የሰማኸው አይደለም። የሚሉት ዘዴ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ማዳመጥ። የተሰማውን ወረቀት ላይ መሣል፤ መስመርና ክብ ይበቃል። ማን የት ቆሟል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ምን ቀለም ተጠራ። ከዚያ ስልኩን አንስቶ ከሥዕሉ ጋር ማመሳከር።

ተማሪዎቻቸው ጋር ያጋጠማቸውንም አንስተዋል። ስለ ባለ ዕንቁዋ ልጅ አሰምተው ሲያሥሏቸው ግማሹ ክፍል ልጅቷን ወደ ተቃራኒው አዞራት። ተናጋሪው በግራ ትከሻዋ በኩል ዞራ ታየናለች ይላል። የእሷ ግራ ነው ወይስ የእኛ? ልጆቹ የራሳቸውን ግራ ያዙ። የእሷ ነበር። ብርሃኑ ከግራ ይመጣል ሲል ደግሞ የሥዕሉን ግራ ማለቱ ነው፤ የተመልካቹን። አንድ ቃል፣ ሁለት ግራ። መምህሯ እንደሚሉት ይህን የለየ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ሰምቷል። ቃሏን ብቻ የያዘ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይጋለጣል።

ምላሽ 5 ኮስተር ያለ ነው። ውጭ አገር ለመማር ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ለአይኤልቲኤስ፣ የሚዘጋጅ ልጅ ነው፤ ስኮላርሺፕ ፍለጋ ላይ ነው። ፈተናው 40 ጥያቄ ነው፣ ማዳመጫው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ድምፁም አንዴ ብቻ ነው የሚለቀቀው፤ ስለ ሞናሊዛ ፈገግታ የሚጠይቅህ የለም ብሎ ጀመረ። ጊዜ የተረፈው ሰው ሥዕል ይይ፣ ሥራ ያለው የፈተና ቅጂ ያዳምጥ ዓይነት ነው። ትንሽ ጎርነን ብሏል፤ ግን ሰው ሲቸኩል እንዲህ ነው።

ምላሽ 6 መለሰለት፤ ያውም ረጋ ብሎ። አይኤልቲኤስ ላይ ካርታና ንድፍ ላይ ስም የማስገባት ጥያቄ አለ። ከበሩ በስተግራ፣ ከላይብረሪው ትይዩ፣ ከኮሪደሩ ወዲያ እያለ ይነዳሃል። ሥዕል ሲገለጽ የሚሰማው ቋንቋ ይኸው ነው፦ ከፊት፣ ከበስተኋላ፣ በስተቀኝ ጥግ፣ ከወንበሩ ሥር። ቶፍል የሚባለው ሌላው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ደግሞ የሥነ ጥበብ ሌክቸር ራሱ ይመጣል፤ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች የሚወሰዱት ንግግሮች ሥነ ጥበብንም ያካትታሉ። ምላሽ 7 ላይ የአይኤልቲኤሱ ልጅ ካርታውን ተቀበለ፤ ሥዕሉን አልተቀበለም። እሱ ቶፍል እንደማይፈተንም አስታወሰን።

ከዚያ ክሩ ወደ ኪስ ወረደ። የዳታ ነገር ሳይነሳ የሚያልቅ የእኛ አገር ውይይት አላየሁም። ምላሽ 8 የጻፈው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ቪዲዮውን በጥሩ ጥራት ከከፈተው ፓኬጁ ወዲያው ያልቅበታል። 144 ላይ ሲያወርደው ደግሞ ድምፁ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን ድፍርስ ነገር ይሆንና ሰውየው የት እንዳለ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። ተናጋሪዋ የቀለሙን ብልጭታ ተመልከቱ ስትል እሱ የሚያየው አራት ማዕዘን ብቻ ነው። በጣም ሳቅሁ።

ምላሽ 9 መፍትሔ ይዞ መጣ። በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ለኑሮ የሚጠቅመው ይሄ ይመስለኛል። ድምፁንና ሥዕሉን ለያዩት ይላል። ቪዲዮውን በዝቅተኛው ጥራት አውርድ፤ ጆሮህ ልዩነቱ አይታወቀውም። የሥዕሉን ፎቶ ደግሞ አንድ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ከሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ በጥራት አውርደህ አስቀምጥ። አምስተርዳም ያለው ራይክስ ሙዚየም የብዙ ሥዕሎቹን ፎቶ በነጻ እንድታወርድ ይፈቅዳል። ታዲያ ማስጠንቀቂያም ጨምሯል። ሙዚየሙ በ2022 የሬምብራንትን የሌሊት ዘብ በ717 ጊጋፒክስል፣ ማለትም በ717 ቢሊዮን ነጥብ ጥራት፣ አንስቶ ለቆታል። እሱን በካርድ እከፍታለሁ ያለ ሰው የወሩ የቤት ኪራዩን ይዞ ይቅረብ።

መምህሯ ይህን ወደዱት። ምክንያቱም ሳይታሰብ የእሳቸው ዘዴ ሆነ። ድምፅ ለብቻው፣ ሥዕል ለብቻው።

ምላሽ 10 አጭር ነው፤ ግን የጅማ ሰው ብቻ የሚጽፈው ነው። ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ድምፅ ተናጋሪውን ይውጠዋል፤ ርካሽ ኢርፎንም አያድነውም። ማዳመጥ ያለበት በጠዋት ነው ይላል። አምስት ሰው ተስማማበት። እኔም።

አሁን ወደ ክሩ እምብርት መጣን። ምላሽ 11 የመምህሯን ዘዴ ትቶ ከፋቹ ባለው መንገድ፣ ሥዕሉን እያየ፣ ስለ አርኖልፊኒ ሥዕል ቪዲዮ ተመለከተ። ሥዕሉን ላላየው፦ ያን ቫን አይክ በ1434 የሣለው ነው፤ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ነጋዴ ትልቅ ባርኔጣ አድርጎ ቆሟል። አጠገቡ ሚስቱ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ እጇን ሰጥታዋለች። እግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ አለች። ከላይ በተንጠለጠለው መብራት ላይ ሻማ በርቷል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ክብ መስታወት አለ፤ መስታወቱ ውስጥ የሁለቱ ጀርባና በሩ ላይ የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ከመስታወቱ በላይ ሠዓሊው እዚህ ነበርኩ ብሎ በላቲን ፈርሟል፤ ዓመቱንም ጽፏል።

ጸሐፊው ሁሉንም ሰምቻለሁ አለ። ውሻዋን፣ ሻማውን፣ መስታወቱን በትክክል ዘረዘረ። ከዚያ ሚስቲቱ እርጉዝ መሆኗን ተናጋሪዋ እንደነገረችው ጨመረ።

ምላሽ 12 መምህሯ ናቸው። ተናጋሪዋ ያለችው ተቃራኒውን ነው አሉት። ሴትየዋ እርጉዝ አይደለችም። የዘመኑ ቀሚስ ጨርቁ ብዙ ነው፤ ረጅምና ከባድ ነው፤ ሰብስባ ከሆዷ ፊት ይዛዋለች። በዚያን ዘመን የሀብት ማሳያም ነበር።

ምላሽ 13 አልተቀበለም። ሆዷ ይታያል እኮ ነው የሚለው። እንዴት አይደለችም ትላለች? ጆሮዬ ደህና ነው ብሎ ትንሽ ተቆጣ።

ምላሽ 14 ሳያስፈልግ ሙድ ያዘበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ልጁን የወሊድ ክትትል እንዲያስጀምራት መከረው። አስቂኝ ነው፤ ግን የክሩ ጠባይ የተበላሸው ከዚህች ጀምሮ ነው።

ምላሽ 15 ላይ ከፋቹ ገባ። የቪዲዮውን ያችን ቦታ ለይቶ ደጋግሞ ሰማት። ተናጋሪዋ ኢዝንት ነው ያለችው፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ቃል በፒ ስለሚጀምር የመጨረሻዋ ቲ ተውጣ ኢዝን ብቻ ሆና ወጣች። አንዲት ቀጭን ን ናት ልዩነቱን የያዘችው። ዓይን ደግሞ ትልቅ ሆድ እያየ ያችን ን ሊሰማ አይችልም። አዎንታና አሉታ እንዲህ ባለ ቀጭን ክር ነው የተንጠለጠሉት፤ ካንና ካንትም እንደዚሁ ናቸው። ከፋቹ ይህን ከጻፈ በኋላ የራሱን የመጀመሪያ ሐሳብ አላፈረሰም። ለጀማሪ ሥዕሉ ከፊት ይሁን፤ ቃላቱን ከያዘ በኋላ ግን እንደ መምህሯ ይደፋው አለ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከመምህሯ ጋር ነኝ፤ ለጀማሪም ቢሆን። ጀማሪው ነው ዓይኑን አምኖ የሚቀረው። ደግሞ ታዋቂ ሥዕሎች የሚመቹት ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ዓይን የሚያየውና ባለሙያው የሚናገረው አንድ አይደለም። የሬምብራንት የሌሊት ዘብ በ1642 ሲሣል ሌሊት አልነበረም፤ ጨለማ የመሰለው ቫርኒሹ በዘመን ብዛት ስለጠቆረ ነው። በ1715 ወደ አምስተርዳም ከተማ አዳራሽ ሲዛወር ግድግዳው ስላልበቃው ጠርዙ ተቆርጧል። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? መስማት አለበት። መስማቱን የሚፈትንልህም ይኸው ነው።

ምላሽ 16 ወደ ቁጥር ወሰደን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዓመተ ምሕረትን ለሁለት ሰብሮ ነው የሚጠራው። ሲክስቲን ፎርቲ ቱ ሲል የእኛ ሰው አሥራ ስድስትና አርባ ሁለት ብሎ ሁለት ቁጥር ይጽፋል። ሰርቲንና ሰርቲ፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ ደግሞ አሉ፤ በእነሱ ያልተሸወደ የለም። ከሁሉ የሚብሰው ክፍለ ዘመኑ ነው። አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ከተባለ ጊዜው በ1400ዎቹ ነው፤ ሰሚው ግን 1500 ብሎ ያሰፍራል። ጸሐፊው የሚመክረው ቪዲዮውን ለቁጥር ብቻ አንዴ ማዳመጥ ነው። ሌላውን ሁሉ ትተህ ዓመትና መጠን ብቻ ልቀም።

ምላሽ 17፣ ከልቡ ይሁን ለጨዋታ አልገባኝም፣ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 18 አይደሉም አለው። ቀጥሎ ሰዓቱም የእኛ አይደለም አለ። ተናጋሪው ሙዚየሙ በዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከሰዓት ሄደህ ወረፋ እንዳትይዝ። ከጅማ ተነስቶ አምስተርዳም የሚሄድ ያለ ይመስል ሦስት ሰው በዚህ ላይ ተከራከረ፤ ስለዚህ ምላሽ 19ን እና 20ን ዘልያለሁ።

ምላሽ 21 ኪቶ ፉርዲሳ የሚማር የቴክኖሎጂ ተማሪ ነው። ፍጥነቱን 0.75 ላይ አድርጉት፣ ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣውን ሰብታይትልም ክፈቱ አለ። ሁለቱም ምክሮች ተመቱ። በምላሽ 22 እንደተጻፈው ቪዲዮ ሲዘገይ ድምፁ ይጎተታል እንጂ የተዋጠው ነገር አይመለስም። ኤንድ የሚለው ቃል ን ብቻ ሆኖ ከወጣ፣ ስታዘገየው የተጎተተ ን ታገኛለህ። ጆሮህም በኋላ እውነተኛ ሰው ሲገጥምህ የሚያገኘው ያችን ፈጣኗን ነው። ራሱ የሚያወጣው ሰብታይትል ደግሞ በሥዕል ነገር የሚያሳፍር ነው። የጣሊያንና የደች ሠዓሊ ስም ሲጠራ ያላሰብከውን የእንግሊዝኛ ቃል ያስገባልሃል። ሰው የጻፈው ሰብታይትል ካለ እሱን፣ ያውም መጨረሻ ላይ ለማረሚያ።

ሠዓሊ ስም ከተነሳ ዘንድ ቫን ጎግም መጣ። ምላሽ 23 የጻፈችው ልጅ ሁለት ቪዲዮ ስለ ሁለት የተለያዩ ሠዓሊዎች መስሏት እንደነበር ትናገራለች። አሜሪካዊው ቫን ጎ ይላል፤ እንግሊዛዊው ቫን ጎፍ ይላል። ሁለቱም በ1889 በሳን ሬሚ የአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ሆኖ ባለ ኮከብ ሌሊቱን ስለሣለው ሰውዬ ነው የሚያወሩት። ከዚያ ወዲህ አንድን ሥዕል ከአሜሪካዊም ከእንግሊዛዊም አፍ ትሰማዋለች። ነገሩን ስለምታውቀው ሐሳቧ በሙሉ አነጋገሩ ላይ ይሆናል። ብልህ ናት።

ምላሽ 24 ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሳ። በኦሮምኛ የተማረ ልጅ ነው። ቁቤ ላይ ፊደልና ድምፅ ይገናኛሉ፤ ያየኸውን ነው የምታነበው። ኤክስ የምትባለዋ ፊደል እዚያ ጠ ናት። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያይ አንደበቱ በቁቤ ሕግ ያነብና፣ ቃሉ ሲነገር ከዚያ ጋር አልገጥም ይለዋል። ስለዚህ እሱ ሰብታይትል ጨርሶ አይከፍትም። መጀመሪያ በድምፅ የያዘውን ቃል በኋላ በጽሑፍ ሲያገኘው ነው የሚረጋጋው። መምህሯ ይህን አስተያየት ከክሩ ሁሉ በላይ አመሰገኑት፤ ተማሪዎቻቸው ላይ የሚያዩት ይኸው ስለሆነ።

ከዚያ ነፋሱ ተለወጠ።

ምላሽ 25 የጻፉት አባት ናቸው። ልጃቸው መልመጃ ነው ብላ የከፈተችው ቪዲዮ ላይ ራቁት ሴት አይተው ደንግጠዋል። ከጨዋ ቤት ልጅ ጋር እንዲህ ያለውን ቁጭ ብዬ አላይም አሉ። ቃላቸው ጠንከር ያለ ቢሆንም ስድብ አልነበረበትም። ምላሽ 26 ፋራ አላቸው። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው፤ ሥዕል እወዳለሁ የሚል ሰው አባት የሆነን ሰው አንቱ ማለት አቃተው። ምላሽ 27 እና 28 ሁለት ወገን ሆነው ተሰዳደቡ፤ አንዱ ሃይማኖት አመጣ፣ ሌላው አውሮፓን። ምላሽ 29 ላይ መምህሯ አባትየውን በክብር ሰላም ብለው የራሳቸውን አሠራር ነገሯቸው። ክፍል ውስጥ የሚያቀርቡትን እሳቸው ቀድመው አይተው ይመርጣሉ። ወተት የምትቀዳዋ የቬርሜር ሴት አለች፤ የገጠር፣ የገበያና የባሕር ሥዕል ሞልቷል። ማዳመጥ ለመለማመድ ራቁት ሥዕል ግድ አይደለም። አባትየው አመስግነው ወጡ። ፋራ ያለው ልጅ ይቅርታ አልጠየቀም።

ምላሽ 30 ሌላ እሳት ለኮሰ። ለምን የፈረንጅ ሥዕል ብቻ? የእኛን ሠዓሊዎች ማን ያውራላቸው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጠያየቁ ግን ከፋቹን ባንዳ ሊያደርገው ምንም አልቀረው። ምላሽ 31 አፈወርቅ ተክሌን ጠራ። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ሥራቸው የአፍሪካን ያለፈ፣ የዛሬና የወደፊት ጊዜ በሦስት ክፍል ያሳያል። ስለ አፍሪካ ሲነገር የሚሰማው እንግሊዝኛም ከታሪክ ትምህርት የምናውቀው ቃል ነውና ለጆሮ ይቀላል። ምላሽ 32 ያ ሥዕል ሳይሆን ባለ ቀለም መስታወት ነው ብሎ አረመው፤ ልክ ነው። ግን ማንም ያላለውን ነገር ለማስተባበል አራት አንቀጽ መጻፍ ምን ይባላል? እስክንድር ቦጎሲያንን ያስታወሰ ምላሽ 33 ነው። በ1964 የሣለው ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነ ሥዕሉ አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ስለ እሱ በእንግሊዝኛ ሲወራ የሚገርመው ተናጋሪዎቹ የግዕዝን ጥቅልልና የአስማት ጽሑፍን ለማስረዳት ሲለፉ መስማት ነው ይላል። አንተ የምታውቀውን ነገር ባዕድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያብራራው ትሰማለህ። ነገሩ በእጅህ ስላለ ቋንቋው ብቻ ይቀርሃል። ይህች ሐሳብ ከንትርኩ መሃል ብቻዋን ቀረች፤ ማንም አላነሳትም። ለእኔ ከሁሉ የተሻለች ነበረች።

ከዚያ በኋላ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንጨት ቅርጽ፣ ከዚያ ስለ ጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ከዚያ በርጩማ ስንት ገባ ወደሚል ወረደ። ከ34 እስከ 38 ያለው የገበያ ወሬ ነው። በርጩማ መግዛት ለሚፈልግ ይጠቅማል።

ምላሽ 39 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ገና ለጀመረ ሰው ትንታኔ አይሆነውም፤ የስርቆት ታሪክ ይጀምር ይላል። ሞናሊዛ በነሐሴ 1911 ከሉቭር ተሰርቃ ነበር። የሰረቃት ቪንቼንዞ ፔሩጃ የሚባል እዚያው ሙዚየም ውስጥ ሠርቶ የነበረ ጣሊያናዊ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ደብቋት ቆይቶ በታኅሣሥ 1913 ፍሎሬንስ ላይ ሊሸጣት ሲል ተያዘ። መሃል ላይ ፒካሶ ራሱ ተጠርጥሮ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቷል። ታሪክ ስለሆነ በኋላስ እያልክ ትሰማለህ፤ ግሦቹም ያለፈ ጊዜ ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ይመራሃል። ገለጻ ከዚያ ይቀጥላል። የባለሙያዎች ክርክር መጨረሻ ይምጣ። የአይኤልቲኤሱ ልጅ ሳይቀር ይህን ወደደው።

ምላሽ 40 ጌርኒካን አይቶ መጣ። ፒካሶ በ1937 የሣለው፣ ጌርኒካ የምትባለው የስፔን ከተማ በቦምብ ስለተደበደበች፣ ቁመቱ 3.49 ወርዱ 7.76 ሜትር። ቁጥሩን በትክክል ሰምቷል። ሥዕሉ ኒው ዮርክ ነው ያለው አለ። ምላሽ 41 ቆረጥ አድርጎ አረመው። ኒው ዮርክ ለዓመታት ቆይቶ በ1981 ወደ ስፔን ተመልሷል፤ ዛሬ ማድሪድ ሬይና ሶፊያ ሙዚየም ነው። ተናጋሪው ነበር ብሏል፤ አንተ ነው ብለህ ሰማህ፤ ተመልሰህ ስማ። ጨዋነት ይጎድለዋል፤ እርማቱ ግን ልክ ነው።

ምላሽ 42 ከፋቹ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ ውስጥ ተሰብስበው የሞናሊዛን ስርቆት በድምፅ ብቻ እንዲያዳምጡ ጠራ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ የየራስ ነው። መምህሯ እመጣለሁ አሉ። ባጃጅ ነጂው ከሥራ ከተመቸው ብሏል። የአይኤልቲኤሱ ልጅ አይመጣም፤ ስፒከሩን ግን ያውሳል፤ ባትሪው እስከ አምስት ሰዓት ያደርሳል። ምላሽ 46 መብራት ቢጠፋ ካፌው ጄኔሬተር አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። አለው ተባለ፤ ግን ድምፁ ከዝናቡ ይብሳል።